ኢንጂነሩ የሚያውቃት ከተማ

በ1978 ዓ.ም. ኢንጂነር ጀምበሩ ለአሰበ ተፈሪ የነደፈው ፕላን አራት መንገዶችን አንድ አደባባይ ላይ ያገናኝ ነበር። ችግሩ አደባባዩ የሚያርፈው በታሪክ መምህሩ በተሻለ ቤት ላይ መሆኑ ነው።

ተሻለ ያን ቤት አንድ አንድ ክፍል እየቀጠለ የጨረሰው በአሥራ አንድ ዓመት ነው።

ጀምበሩ ስድስት ዓመት ቼኮስሎቫኪያ ተምሬ መጣሁ ይላል። የኖረባትን አሮጌ ከተማ ካነሳ ማቆሚያ የለውም፤ በግንብ የታጠረች፣ ጠባብ ጠመዝማዛ መንገዶቿ ዞረው ዞረው አደባባዩ ላይ የሚወጡ። ዲግሪው ከጓዙ ጋር በመርከብ እየመጣ ነው ካለ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ተሻለ ደግሞ እጁን ጨብጦት ያውቃል፤ መዳፉ እንደ ሞረድ ነው። እርሳስ የያዘ እጅ እንዲህ አይሻክርም። ሰውየው ስድስቱን ዓመት ገለምሶ አጎቱ ዘንድ ቡና ሲኮተኩት እንደከረመ አልተጠራጠረም።

ፕላኑ በሚጸድቅበት ቀን ተሻለ የዚያችን ከተማ ፎቶግራፎች የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ታቅፎ የቀበሌው አዳራሽ ገባ። የተዋሰው ከአንድ ቼክ ሐኪም ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ኢንጂነሩን ጥቂት ልጠይቀው።»

ሊቀመንበሯ ሳህሊቱ ፈቀደች።

«ከምሥራቁ በር ወደ አደባባዩ የሚያስገባው መንገድ ምን ይመስላል?»

«ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም» አለ ጀምበሩ። «ድንጋይ ንጣፍ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ ውሃው በዚያ ይወርዳል። ኅዳር ላይ ቅጠል ይደፍነዋል።»

ተሻለ ገጹን አየ። ጎድጎድ ይላል።

«አደባባዩስ?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዘነብላል። ርግቦቹ የሚሰፍሩት በሰዓቱ ማማ በኩል ነው። አስቸጋሪው ጥግ እሱ ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥስ?»

«ደረጃው ሃያ ሁለት ነው።»

«ውስጡን ነው የጠየቅሁህ።»

«ውስጡን አልገባሁም።»

«በስድስት ዓመት?»

«የሶሻሊስት አገር ተማሪ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል?»

ሳህሊቱ ይህቺን በደስታ ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፈች። ተሻለ ደረጃዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ሃያ ሁለት ናቸው።

«ወላሂ ጋሼ» አለች ጫት ነጋዴዋ ዙህራ፣ «ከዚህ በላይ እንዲያውቅ እዚያው መወለድ ነበረበት እንዴ?» አዳራሹ ሳቀ።

«እሺ፣ የእኔ ቤት ምን በደለ?»

«ቤትዎስ ጥሩ ነው፤ ቦታው ነው እንጂ» አለ ጀምበሩ፣ ከልቡ እያዘነ። «ነፋሱ የጫት ተራውን ገረባና ጥራጊ ሁሉ አምጥቶ የሚከምረው እርስዎ ግድግዳ ሥር ነው። ያን ጥግ ማንም ቢታገል አይችለውም።»

ሳህሊቱ ማኅተሙን አነሳች። «የመጨረሻ ተቃውሞ ያለው?»

ተሻለ ተቃውሞ አልቆበታል። መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል አንድ ገጽ አመለጠውና ተገለጠ። ያው አደባባይ ነው፤ ገና ሲነጋ የተነሳ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ባዶ።

ኢንጂነር ጀምበሩ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ ከቁመቱ የሚበልጥ መጥረጊያ ተደግፎ፣ ካሜራውን እያየ ፈገግ ብሏል።