መብራት ይጥፋልኝ

ልጅቷ የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ልታነብ ምእመኑ ፊት ቆመች። ያለፈው እሑድ ድምጿ እንደ ጫጩት ሲጥ ብሎ ቀርቶባት፣ ታላቅ ወንድሟ ሳምንቱን ሙሉ «ጫጩቷ!» እያለ ሲያበሽቃት ከርሟል። ዛሬም ማይኩን ላስተካክል ብሎ እየነካካ ሲያገጥጥ አየችው። በሆዷ፣ «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ መብራት ይጥፋልኝና ሰዉ ይበተን፤ ሌላ አልጠይቅህም» አለች። ሳትጨርስ መብራቱ ድርግም አለ፤ ማይኩም ጸጥ።

ደስ ብሏት ወረቀቷን ማጣጠፍ ስትጀምር ሰባኪው፣ «ወዴት ነው የኔ እመቤት? ጉሮሮ በመብራት ይሠራል እንዴ? ቀጥዪ!» አሏት። ሰዉ ሳቀ። ምን ታድርግ? ሰው ፈርቶ ቢክድ እንኳ እግዚአብሔር ከታማኝነቱ እንደማይጎድል የሚናገረውን ቃል ጮኻ አነበበችው።

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ወደ ድምፅ ማጉያው እየጠቆሙ ብድግ አሉ። «ይሄ የሚያንባርቅ ብረት ከተተከለ ወዲህ ዛሬ ገና አንድ ቃል ሰማሁ! እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ!»

ልጅቷም ከነፍርሃቷ ከመድረኩ ወርዳ፣ እስከ ኋላ ወንበር ሄዳ፣ አጠገባቸው ቆማ ደገመችላቸው።