የሚግለው ላፕቶፕ

ሴትዮዋ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሙቀቱ የምትኩ ፊት ድረስ መጣ። ምትኩ ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ሲጠግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የላፕቶፕ ማራገቢያ እንዲህ ሲጮህ ግን ሰምቶ አያውቅም።

«ሦስት ወር ሆነው፤ ምንም ሳልሠራበት እንኳ ይግላል» አለችው። «የተማሪዎቼ ፈተና ያለው እሱ ላይ ነው፤ አደራህን ወንድሜ።»

ከፍቶ አየው። ፕሮሰሰሩ ዘጠና ስምንት በመቶ ተይዟል። ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ቫይረስ ፈለገ፤ የለም። የተከፈቱትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዘጋ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገለ በኋላ ጥፋተኛውን አገኘው። ካሜራውን የሚያሠራው፣ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነበር፤ ከማሽኑ ጋር የማይስማማ፣ ሰው በእጁ የጫነው።

«ካሜራውን ትጠቀሚበታለሽ፣ እህቴ?»

«ኧረ እኔ ከፍቼውም አላውቅ!»

ምትኩ በጣቱ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ።

«ማሽኑን የሚያነደው እሱ ነው። ቀንም ሌትም ያለ እረፍት ይሠራል። ላጥፋልሽ?»

«አጥፋልኝ፣ ግልግል ነው።»

አጠፋው። ቁጥሩ ወዲያው ወደ አራት ወረደ፤ ማራገቢያውም ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት አመሰገነችው።

ምስጋናዋን ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ። አንስታ አዳመጠች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ፤ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ ምትኩ ዘወር አለች።

«ባለቤቴ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ለሥራ ድሬዳዋ ነው ያለው። ‹ካሜራውን ማን ነው ያጠፋው?› እያለኝ ነው።»