የአባዬ ፕላስተር

በአባዬ ክንድ ላይ የተለጠፈችው ፕላስተር ደሙን እየቀመሰች ስኳሩን በስልካችን ትነግረናለች። «ደህና ነው» ካለችን ማን ይደውላል? አንድ ከተማ እየኖርን ለበዓል እንኳ ከጠየቅነው ቆይተናል።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ግን «ደም የለም» አለች። እኔና ወንድሜ አጥናፉ እሪ እያልን በሩን በርግደን ገባን። አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ በግ ይገፍፋል!

«ምነው፣ ማን ሞተብን?» አለ ደንግጦ።

«ፕላስተሯስ?» አልኩት ባዶ ክንዱን ይዤ።

በቢላው በጉን አሳየኝ። «ጠጅ በቀመስኩ ቁጥር ታሳብቅብኛለች። እሱ ከሣር በቀር ምን ያውቃል ብዬ ለጠፍኩበት። ሳርደው ረሳኋት።»

እንባችንን ሳንጠርግ ሳቅን። ዱለቱ ሲደርስ በየተራ አጎረሰን።

ልንሄድ ስንል አጥናፉ አዲስ ፕላስተር ለጠፈለት። አባዬ ክንዱን እንደ ሰጠ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ፦

«ለመስቀልም በግ ገዝቻለሁ።»