ያልተደፋው ወረቀት

«ባዶ ነው ስልህ ባዶ ነው» ይላል ሎኒ ሃስኬት፣ ከጨረታው ዝርዝር ላይ አሥራ አራተኛውን ቤት በቀይ እስክሪብቶ እየከበበ። «አይጦቹ እንኳ ጥለውት ሄደዋል። ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ ሻንጣ ይዘው ነበር።»

ቨርን ሳቁን በቡና ስኒው ይጋርዳል። ጣሪያ ሠሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ መጀመሪያ ረቡዕ ጠዋት፣ በዚህ ፍርድ ቤት ምድር ቤት ከሎኒ ጎን ይቀመጣል፤ ባንክ የነጠቃቸው ቤቶች በሸሪፍ ጨረታ ሲሸጡ ያያል። እሱ የገዛው ስድስት ነው። ሎኒ ስንት እንደገዛ የሚያውቅ የለም፤ በገና ሰሞን አርባ ነበር፣ ለፋሲካ መቶ ሃያ ገብቷል።

ከጨረታው በፊት ቤቱ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ቤትን ከመንገድ ላይ ሆኖ ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ በዚህ ጥበብ ሎኒን የሚያህል በኦሃዮ ምድር አልተወለደም፣ ወደፊትም እናቶች ይመካከሩበታል። ዘዴው የፒዛ ማስታወቂያ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲቷን በፊት ለፊቱ በር ስንጥቅ ሸጎጣት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አያት፤ ዝናብ አሳብጧት እዚያው አለች። የመብራት ቆጣሪው ሞቷል። ሣሩ ላም ይሰውራል። ሎኒ ሰው ያለበት ቤት አይገዛም። ማስወጣት አለ፣ በረንዳ ላይ ፍራሽ አለ፣ ለቅሶ አለ። ለቅሶ አይወድም።

ምክትል ሸሪፏ ግሌንዳ ቁጥር አሥራ አራትን ታነባለች። የባንኩ ጠበቃ መነሻውን ይጠራል፤ ሎኒ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ይጨምርበታል።

ከኋላ ረድፍ አንዲት አሮጊት ይነሣሉ። የወንድ ካፖርት ለብሰዋል፣ በግንቦት፤ እጅጌው ጣቶቻቸውን ውጧቸዋል። ዋጋ ለመጥራት መቆም አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን ቆመው አንድ ሺህ ዶላር ይጨምራሉ። ግሌንዳ ስማቸውን ትጠይቃለች።

«ኦርፋ ኬስለር» ይላሉ። «ቤቱ የኔ ነው።»

ቨርን ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ይደፋል። ቀጥሎ ያሉት ወንድማማቾችም ይደፋሉ፤ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ጠበቃው እንኳ እስክሪብቶውን ይከድናል። የዚህ ክፍል ልማድ ነው፤ ባለቤት ቤቱን ሊያስመልስ ሲመጣ ሌላው ወረቀቱን ይደፋል፣ አፉንም ይዘጋል። ልማዱን ማን እንደጀመረው ሲነሣ ሎኒ «እኔ» ይላል። ይህቺኛዋ እውነት ናት።

የሎኒ ወረቀት ግን አልተደፋም። ባለፈው መከር ምርኩዝ የያዙ ሴትዮ እዚሁ አልቅሰው ሁሉም ደፍቶላቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ነጋዴው የወንድማቸው ልጅ ደጃፉ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ተከለ። ያን ሰሞን ቨርን ለሎኒ መሐረብ ገዝቶ ሰጠው፤ ሳቁ እስከ ክረምት አላለቀም። በሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ በሎኒ ደጃፍ ሁለተኛ አይቆረጥም።

«ወረቀትህን ድፋ እንጂ» ይላል ቨርን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሚኖርበት ሰው የለም አልኩህ።»

«ሎኒ።»

«ካፖርቱን እየው። ከትያትር ቤት የተዋሱት ነው።»

ይጨምራል። አሮጊቷ እጃቸው ላይ ያለውን የገንዘብ ፖስታ ያዩና ይጨምራሉ። ይጨምራል። ፖስታውን ረዘም አድርገው ያዩና ይጨምራሉ፤ ድምፃቸው አንሷል። ሎኒ እንደገና ሲጨምር ፖስታውን አያዩትም። አጥፈው ይይዙታል።

ግሌንዳ ሕጉ ከሚለው በላይ ትጠብቃለች። ሌላ ዋጋ እንዳለ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ስትጠይቅ የምታየው አሮጊቷን አይደለም፣ ሎኒን ነው። ከዚያ መዶሻው ከጠፋ ጀምሮ በምትጠቀምበት ስቴፕለር ጠረጴዛውን ትመታለች።

አሮጊቷ በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብለው እሱ ዘንድ ይመጣሉ። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትገባው?»

ሎኒ ቤቱ ባዶ መሆኑን ያስረዳቸዋል። ስለ ቆጣሪው ይነግራቸዋል፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ፒዛዋ ማስታወቂያ። ሲናገር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል።

«መብራቱን መጋቢት ላይ ቆረጡብን» ይላሉ። «የሸሪፉን ማስታወቂያ በሩ ላይ ከለጠፉት ወዲያ ሃርላን በዚያ በር አልወጣም አለ፣ ባለቤቴ። በጓሮ ነው የምንገባው። አሁንማ ከአልጋም አይወርድም።» ትክ ብለው ያዩታል። «ቀይዋ መኪና ያንተ ናት? በመስኮት ያይህ ነበር። ‹ያ ልጅ ዛሬም መጣ› ይለኛል። የሚጠይቀን ሰው አገኘን ብሎ ነበር።»

ሎኒ «በጠሩት ዋጋ ይውሰዱት» ማለት ይችላል። ሦስት ቃል ነው። ለአይጦቹ ሻንጣ ያላነሰው አፍ ይከፈታል።

«ሠላሳ ቀን» ይላል። «ሠላሳ ቀን እሰጥዎታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ፖስታውን ካፖርቱ ውስጥ ይከቱና ደረጃውን ይወጣሉ፤ በየእርከኑ ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል።

ቨርን ስኒውን ይዞ ሦስት ወንበር ርቆ ይቀመጣል።

«ቁጥር አሥራ አምስት» ትላለች ግሌንዳ። ታነባለች፣ ትጠብቃለች፣ እንደገና ታነባለች። የደፋውን ወረቀት መልሶ የሚገለብጥ የለም፤ የሎኒ ብቻ መጀመሪያውንም አልተደፋም።