ከዜሮ እስከ አስር

ፌና የምትከታተላቸውን ሽማግሌ የደም ግፊት ቤታቸው ሄዳ ልትለካ ጎንበስ ስትል የትምባሆ ፓኬቷ ከደረት ኪሷ ሾልኮ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ቀኑ የነርስነት ትምህርቷ የመጨረሻ ፈተና ነበር፤ ሰውን ከሱስ እንዴት እንደምታላቅቅ ልታይ የመጣችው መምህሯ ውጭ ያለውን የውኃ ቦይ በሚያሳየው መስኮት ሥር ቡናዋንና አንዲት ብስኩቷን ከጎኗ አድርጋ ማስታወሻ እየጻፈች ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌውን ከገና ጀምሮ እየተመላለሰች ትምባሆ ያስተወቻቸው ፌና ራሷ ነበረች።

እሳቸውም ፓኬቱን ቀስ ብለው በቤት ጫማቸው ረገጡት። «የኔ ነው» አሉ ወደ መምህሯ ዞረው። «ምን ላድርግ፣ አላስችል ብሎኝ ነው።» ሱስ የሚያገረሽበት ሰው ብዙ ስለሆነ ፌና ዝም ብትል ፈተናውን ታልፋለች፤ ሽማግሌው በሰፈሩ ሁሉ ፊት የሚኩራሩበት ትምባሆ ማቆማቸው ግን ውሸት ሆኖ ሊቀር ነው። «አባባ፣ እግርዎን ያንሱ» አለች። «የኔ ነው።»

የመምህሯ እስክሪብቶ ቆመ። ሽማግሌው ሳል እያቋረጣቸው ሳቁና ወንበራቸውን አስጠጉ። «በይ እንግዲህ፣ ከዜሮ እስከ አስር፣ ለማቆም ያለሽ ፍላጎት ስንት ነው?» ይህ፣ ፌና ትምህርት ቤት የተማረችው፣ በመጣች ቁጥርም እሳቸውን የምትጠይቃቸው ጥያቄ ነበር። ፌና መምህሯን በልመና ዓይን አየቻት።

«እኔን ምን ታያለሽ? የጠየቁሽ እሳቸው ናቸው» አለች መምህሯ።

«አራት» አለች ፌና።

«ጎሽ! ታዲያ ለምን ሦስት አላልሽም?» አሉ ሽማግሌው።

ይህ ጥያቄ ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ሰውም የማቆሚያ ምክንያቱን በራሱ አፍ እንዲናገር እንደሚያደርግ ፌና በቃሏ ታውቅ ነበር፤ የራሷን መልስ ግን የትም አላጠናችውም።