ሬዲዮው በአባባ እጅ

«ባድሩ ነኝ። ጀልባው ውሃ እያስገባ ነው፣ ወለሉ ተሰንጥቋል፣ ያለሁት...» ይልና ድምፁ ይቋረጣል። ባትሪ አልቆበት አይደለም፣ ነፋስ ወስዶትም አይደለም። ያቋረጡት አባባ ናቸው። ቁልፉን ተጭነው ዱዓ ጀምረዋል።

እኔ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እፍቃለሁ። እጄ ስለረጠበ ሬዲዮውን ለአፍታ አጠገባቸው ማስቀመጤ ነው ጥፋቴ። የዳሩ ሬዲዮ ጠባቂ እኔ ነኝ። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ለስድስቱ ጀልባዎች አንዳንድ፣ ለዳሩ ደግሞ አንድ የእጅ ሬዲዮ ሲገዛ፣ ይዞ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ የተገኘሁት ከሻርጃ የተመለስኩት እኔ ነኝ። እዚያ ሆቴል ሳጸዳ አራት ዓመት ሬዲዮ ወገቤ ላይ ታስሮ ነው የኖረው። ቁልፉን ይዞ ወሬ የሚያበዛ ሰው እዚያ ሥራውን ያጣል።

አስተምሬያቸዋለሁ፣ ወላሂ አስተምሬያቸዋለሁ። አንዱ ተጭኖ ሲያወራ ሌላው አይሰማም። ተጫን፣ አንድ ትንፋሽ ቆይ፣ ባጭሩ ተናገር፣ ልቀቅ። የተቸገረ ካለ ሁሉም ዝም ይላል፤ የተቸገረው ደግሞ መጀመሪያ የሚናገረው ያለበትን ቦታ ነው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በማግሥቱ ዓሣ አስጋሪው ኡበይድ በሌላ ጀልባ ያለውን ጓደኛውን ሽታውን እንዴት አደርክ ለማለት ተጫነና እስከ ላሚቱ ጤና ድረስ ጠይቆ ሳይለቅ ቀረ። ወሎዬን ሰላምታ አሳጥር ማለት እንግዳ ከደጅ መልስ እንደማለት ነው፤ ሳቅኩና ተውኩት። ያን ቀን መሳቄ አሁን ያንገበግበኛል።

ባድሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዋና አይችልም። ከቀትር ወዲህ ነፋስ ተነስቷል፣ ውሃው እየተናወጠ ነው፣ ከተቀመጥኩበት ሳይ አንድም ጀልባ አይታየኝም። የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ እንዳይናገር ደግሞ መንገዱን የዘጉበት የገዛ አባቱ ናቸው።

«ያ ረቢ፣ ውሃውን ሜዳ አርግለት፣ ነፋሱን ያዝለት፣ ልጄን ለእናቱ መልስላት» ይላሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ቁልፉን ይለቃሉ። መልቀቁን አልረሱትም፤ የሚለቁት ግን አሚን ለመቀበል ነው። አምስቱም ጀልባ ባንድ ጊዜ ተጭኖ አሚን ይላል፤ ክርስቲያኑ ሽታው ሳይቀር አሜን ይላል። ድምፅ በድምፅ ላይ ተደርቦ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ብቻ ነው። ባድሩ በመሀል ተናግሮ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ጩኸቱ ሳያበቃ አባባ እንደገና ተጭነው ወደሚቀጥለው ዱዓ ያልፋሉ።

አባባ፣ ይልቀቁት እላለሁ። በግራ እጃቸው ዝም በይ ይሉኛል። አባባ፣ ሼህ አብዱልሰመድ፣ ዱዓ ይዘው እያሉ የሚያቋርጥ ሰው በሐይቅ ከተማ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። አላህ ልመናቸውን ለመስማት ሬዲዮ አይፈልግም። ሬዲዮ የሚፈልገው ባድሩ ነው።

እነሳለሁ። ከነቅርፊቴ እጃቸውን እይዝና አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ፈልቅቄ ሬዲዮውን እነጥቃቸዋለሁ። ከአባቴ እጅ ነጠቅኩ። ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል፤ እንዲህ አይተውኝ አያውቁም።

«ማንም እንዳይጫን። ባድሩ ብቻ። ባድሩ፣ የት ነህ? ጨርሻለሁ» ብዬ እለቃለሁ።

ሁሉም ቁልፉን ይለቃል። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል።

«አሚን» ይላል።

ሊሰምጥ ነው፤ አሚን ሳይል ግን አይሰምጥም። ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ። ከእስጢፋኖስ ገዳም ጀርባ ነኝ፣ ደንገሉ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው፣ ውሃው ጉልበቴን አልፏል ይላል። ኡበይድ ወዲያው ይቀበለዋል፤ እዚያው አካባቢ ነኝ፣ እየቀዘፍኩ ነው ይላል።

እኔም እጫንና አብሽር እለዋለሁ። ያን ብቻ ብዬ ልለቅ ነበር። የታመቀው ግን ይገነፍላል። ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ነው ያደረግከው አይደል እለዋለሁ። ወለሉን አስጠግነው ብዬህ አልነበረም ወይ፣ ዛሬ ነገ ስትል ይኸው፤ ለእማማ ምን ብዬ ልነግራት ነው፣ ቦታህን ሳትናገር አሚን የምትል ምን ዓይነት ፍጡር ነህ። ከእሱ ስጨርስ ወደ ኡበይድ እዞራለሁ፤ ከኡበይድ ወደ ሽታው፣ ከሽታው ወደ ማኅበሩ። ላሚቱም አልቀረችም። ድምፄ ይሰነጠቃል፣ እንባዬ አገጬ ላይ ይወርዳል፣ አላቆምም። እኔ ዝም ካልኩ ባድሩ የሚሰምጥ ይመስለኛል።

የሰው እጅ እጄ ላይ ያርፋል። አባባ ናቸው። ቁጣም ወቀሳም የለባቸውም። ከልጅ እግር እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብለው አውራ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ያነሱታል።

«ልቀቂው ልጄ» ይሉኛል። «እነሱም ይናገሩ።»

ሬዲዮው ይንሿሿል። ከዚያ የኡበይድ ድምፅ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ይሰማል።

«ሀጀራ፣ ከያዝነው እኮ ቆየ። ጀልባዬ ላይ ነው። ቁጣሽን እስክትጨርሺ ነው የጠበቅንሽ።»

ከኋላው ባድሩ ሲያስል ይሰማኛል። ልመልስለት አውራ ጣቴን ወደ ቁልፉ ላወርድ እሞክራለሁ። አባባ ጣቴን አልለቀቁትም።