የሂልዲንግ ሰሌዳ

ሂልዲንግ ሚስቱን ቀብሯል፣ ልጅ አልወለደም። የቀሩት ሸርጣኖቹ ናቸው። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። በስሞላንድ ደን ውስጥ ያደገ ሰው ግን አይስቅም።

ያ ሐይቅ፣ የድሮው የአገሩ ሸርጣን ካልጠፋባቸው ጥቂት ሐይቆች አንዱ ነበር። የሌላው በወረርሽኝ አልቋል። ወረርሽኙ ሰው አይነካ፣ ዓሣ አይገድል፤ የሚፈጀው ሸርጣን ብቻ ነው፤ አንዴ ከገባ ግን ለዘር አያስተርፍም። ያመጣውም ሰው ነው፤ ለገበያ ይሆነኛል ብሎ ከባሕር ማዶ ሌላ ዓይነት ሸርጣን አስገብቶ። ሰው መቼ ያለውን አመስግኖ ያውቃል!

ነሐሴ ሲገባ መንደሩ በሙሉ ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ይዘረጋል። የወረቀት ቆብ ደፍቶ፣ ሸርጣኑን ከእንስላል ጋር ቀቅሎ፣ እየዘፈነ ይበላል። ያን ቀን ሂልዲንግ የሚቀመጠው ከጠረጴዛው ራስ ነው። አባቱም እዚያው ነበር የሚቀመጠው።

ጥበቃውን መንደሩ የሰጠው ለእሱ ነው። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሰሌዳ ተከለና በገዛ እጁ ጻፈበት፦ «ከሌላ ሐይቅ የመጣ ጀልባ፣ መረብ፣ ቦት ጫማ ሳይደርቅ አይግባ።»

ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ የሽቦ ቅርጫቱ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ያስርና ሐይቁ ውስጥ ከገባው የእንጨት የጀልባ መቆሚያ ሥር ውሃ ውስጥ ያወርደዋል። ጠዋት ያወጣል። የገቡትን ሸርጣኖች አንድ በአንድ እየገለበጠ፣ ሆዳቸውን እያየ፣ ደህንነታቸውን አረጋግጦ ይመልሳቸዋል። ለቅርጫቱ የሚሆነውን ዓሣ እንኳ ከዚያ ሐይቅ አያወጣም።

«የቤቴን ልጅ ለቤቴ ልጅ አላበላም» ይላል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቱ ኤልና ከደኑ ማዶ ካለው ከመንደሯ ሐይቅ በብስክሌት ታመጣለታለች፤ አንድ ባልዲ፣ ከነሕይወታቸው፣ ከነውሃቸው።

«እኔ ስሞት እንዲህ ትጨነቅልኛለህ?» ትለዋለች።

«አንቺማ መቼ ትሞቺና! ሞት አንቺን ሲያይ መንገድ ይለቃል።»

ዓሣው ሲያልቅ የተረፈውን ውሃ ከመቆሚያው ላይ ይደፋና ባልዲውን ሐይቁ ውስጥ አለቅልቆ ይመልስላታል። ንጹሕ ሰው ነበር ሂልዲንግ።

በሰኔ ዮአኪም የሚባል የከተማ ሰው መጣና ማዶ ያለውን ቤት ገዛ። ከመኪናው ኋላ ጀልባ ይጎትታል። ሂልዲንግ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ይቺ ጀልባ የት የት ስትዋኝ ከርማ ነው?»

«ያልዋኘችበት የለም» አለ ዮአኪም እየሳቀ። «ግን ቤቱን ለማየት ስመጣ ሰሌዳዎን አንብቤ ነበር። ሦስት ሳምንት ገልብጬ ፀሐይ ላይ አድርቄአታለሁ።»

«ማን አየህ?»

«ፀሐይዋ አይታኛለች።»

ሂልዲንግ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲያ ዓይኑን ከማዶ አላነሳም። ዮአኪም ሲቀዝፍ ያያል፣ ሲዋኝ ያያል፣ እግሩን ሲታጠብ እንኳ ያያል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ቅርጫቱን ሊያወጣ ጎንበስ ቢል፣ አንድ ሸርጣን በቀን ብርሃን ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ በእግሮቹ ጫፍ ይንገዳገዳል፤ ልክ እንደ ሰካራም። ሄደ፣ ሄደና በጀርባው ወደቀ። በሳምንቱ ሐይቁ ዙሪያውን ገማ። ሂልዲንግ በአካፋ እየሰበሰበ ቀበራቸው። ለሚስቱ ያላለቀሰ ሰው እዚያ አለቀሰ አሉ።

ከከተማ ቶቬ የምትባል ባለሙያ መጣችና ውሃውንም ሬሳውንም አየች።

«ወረርሽኙ ነው። መጀመሪያ የታየው የት ነው አባባ?»

«የራሴው መቆሚያ ሥር። ነፋሱ ከዚያ ከማዶው ሰውዬ በኩል ነዋ የሚነፍሰው!»

«ውሃ የነካው ነገር ሁሉ ይዞት ይመጣል፤ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች» አለች። «ምን እንዳመጣው ግን መናገር አልችልም።»

መናገር ምን ያስፈልጋል? የመንደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ ማዶውን አየ። ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ! አሉ።

ድግሱ ይሆን በነበረበት ቀን ሂልዲንግ መጥረቢያውን ይዞ ሐይቁን ዞረ። ሰዉም ተከተለው። ዮአኪም ከጀልባው ፊት ቆመ።

«ጋሼ ሂልዲንግ፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ! ደረቅ ነበረች እኮ!»

«ፀሐይዋን ጥራና ትመስክርልህ!»

አንድም ሰው «ተው» አላለም። ጀልባዋ ማገዶ እስክትሆን ቆመው አዩ። የዮአኪም ሚስት መስኮቱ ጋ ሆና ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። በነጋታው ዕቃቸውን ጫኑ። ዮአኪም መታጠፊያው ጋ ሲደርስ መኪናውን አቆመ፤ ሂልዲንግ እዚያው ቆሞ ነበር።

«ይህን ሰሌዳ ከእኔ በቀር ያነበበው ያለ አይመስለኝም» አለውና ሄደ።

ሂልዲንግ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሐይቁ ባዶ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ተባሯል። ያ ብቻ ነበር መጽናኛው።

ቅዳሜ ኤልና መጣች። ጉልበቷን አሟት ሁለት ሳምንት ቀርታ ነበር። ሂልዲንግ መቆሚያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብስክሌቷን ሲሰማ ዞር እንኳ አላለም።

«ዓሣውን መልሺው እህቴ። የሚበላው የለም። ሸርጣኖቼ አለቁ።»

«ያንተም?» አለች ኤልና ባልዲውን አጠገቡ እያስቀመጠች፤ «የእኛዎቹማ ያለቁት በሰኔ ነው፤ እንዳታዝን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»